ሜሪላንድ የፈቀደችውን ኢሚግሬሽን አልፈቀደም

በሜሪላንድ ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ዕድሜው 21 የሞላ ሰው እስከ 1.5 ኦውንስ፣ ማለትም 42.5 ግራም ገደማ ማሪዋና ይዞ ቢገኝ በስቴቱ ሕግ አይከሰስም። ዲስፐንሰሪ (ፈቃድ ያለው የማሪዋና መሸጫ ሱቅ) ገብቶ መታወቂያውን ያሳያል፣ ይገዛል፣ ታክስ ይከፍላል፣ ደረሰኙን ይዞ ይወጣል። ዲሲ ከፌብሩዋሪ 2015 ጀምሮ 2 ኦውንስ መያዝ ፈቅዳለች፤ ቨርጂኒያ ከጁላይ 2021 ጀምሮ 1 ኦውንስ። ዓመቶቹን በሙሉ የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በአሜሪካ ሐበሻ ከየትም ይልቅ ተሰባስቦ የሚኖረው በነዚሁ ሦስት ቦታዎች ነው፤ ከዜናውም ከማስታወቂያውም የሚሰማው ደግሞ አንድ ቃል ነው፦ ተፈቅዷል።

ግሪን ካርድ ለያዘ፣ በዲቪ ገብቶ የዜግነት አምስት ዓመቱን ለሚቆጥር፣ የጥገኝነት ጉዳዩን ለሚጠብቅ፣ በተማሪ ቪዛ ላለ ሰው ግን አልተፈቀደም። የማሪዋና ሕግ መሻሻሉን ከልቤ እደግፋለሁ። ቅሬታዬ ማሻሻያው ስደተኛውን ደጅ ትቶት መግባቱ ነው። ቀድሞ ቢያንስ ሕጉ ለሁሉም አንድ ዓይነት ስለነበር ሰው ይጠነቀቅ ነበር። አሁን ስቴቱ ራሱ ለሱቅ ፈቃድ ሰጥቶ ይጋብዛል፤ ፌዴራል መንግሥቱ በዚያው ነገር ሰውን ከአገር ያስወጣል።

ችግሩ የሚጀምረው ከ1970ው የፌዴራል ሕግ ነው። ይህ ሕግ ቁጥጥር የሚደረግባቸውን ዕፆችና መድኃኒቶች በአምስት ሠንጠረዥ ከፍሎ ማሪዋናን ከሄሮይን ጋር አንደኛው ላይ አስቀመጠው። የኢሚግሬሽን ሕጉ ስለ ዕፅ ሲናገር የራሱ ዝርዝር የለውም፤ ወደዚያ ሕግ ይመራል። ስለዚህ የኢሚግሬሽን መኮንኑ ፊት ሜሪላንድ ምን አለች የሚለው ጥያቄ ቦታ የለውም። (በነገራችን ላይ ጫትም በዚሁ መረብ ውስጥ ነው፤ ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገሩ ሠንጠረዥ 1 ላይ፣ ካቲን የተባለው ሠንጠረዥ 4 ላይ ሰፍሯል። አገር ቤት በግልጽ የሚሸጥ መሆኑ እዚህ አያድንም።)

የኢሚግሬሽን ሕጉ ሁለት በሮች አሉት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም ሁለቱን እንደ አንድ በማየቱ ነው። አንደኛው አሜሪካ ውስጥ ያለን ሰው የማስወጫ በር ነው። እዚህ ላይ ጠባብ ምሕረት አለ፦ ጥፋቱ አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ ለራስ መጠቀሚያ ከሆነ፣ መጠኑም ከ30 ግራም ካልበለጠ፣ በዚያ ብቻ ዲፖርት አይደረግም። ሁለተኛው መግባትን የመከልከያ በር ነው፤ ያ የ30 ግራም ምሕረት እዚያ አይሠራም። ያለው በዳኛው ወይም በመኮንኑ ፈቃድ የሚሰጥ ይቅርታ ብቻ ነው፤ እሱም ማመልከቻ፣ ገንዘብ፣ ጠበቃና ጊዜ ይጠይቃል።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ እንመልከት። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በ2016 ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ በ10 ግራም ተይዞ፣ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ፣ ቅጣቱን ከፍሎ ጨርሷል እንበል። እዚሁ ቢቀመጥ በዚህ ጉዳይ የሚያባርረው የለም። እናቱ አርፈው ለለቅሶ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ ግን ሕጉ እንደ ነዋሪ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው አድርጎ አያየውም፤ ገና መግባት እንደሚጠይቅ ሰው ይቆጥረዋል፣ ሁለተኛው በር ፊትም ያቆመዋል። ደለስ ኤርፖርት አሻራው ሲነበብ የድሮው ሪከርድ ይወጣል። ወደ ውስጠኛው ክፍል ይወስዱታል፣ ይጠይቁታል። ከዚያ ወይ ካርዱን ይዘው ሌላ ቀን ቀጥረው ይለቁታል፣ ወይ የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት መጥሪያ ይሰጡታል፣ ወይም ያስሩታል። አንድ ቀንም ያልታሰረበት ጥፋት ከስንት ዓመት በኋላ፣ ጥቁር ልብሱን እንደለበሰ ሊያሳስረው ይችላል። እንዲህ ያለ ሪከርድ ያለው ሰው ቲኬት ከመቁረጡ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር የምለው ለዚህ ነው። የወንጀል ጠበቃው ማረጋገጫ ብቻውን አይበቃም።

መጠኑም ራሱ ወጥመድ አለው። ሜሪላንድ የፈቀደችው 42.5 ግራም የኢሚግሬሽን ሕጉ ከሚምረው 30 ግራም ይበልጣል። ሰውየው ስቴቱ በፈቀደው ልክ ገዝቶ መኪናው ውስጥ አስቀምጦ በባልቲሞር ዋሽንግተን ፓርክዌይ ይነዳል። ያ መንገድ ከዲሲ እስከ ፎርት ሚድ አካባቢ ድረስ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ይዞታ ነው፤ የሚያስቆመው የፌዴራል ፓርክ ፖሊስ ሊሆን ይችላል፣ የሚከሰሰውም በፌዴራል ሕግ ነው። ዲሲ ውስጥ ሮክ ክሪክ ፓርክና ናሽናል ሞል፣ ቨርጂኒያ በኩል የጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ እንዲሁ ናቸው። እዚያ በ40 ግራም የተፈረደበት ሰው ከምሕረቱ ውጭ ነው። የስቴቱ ደረሰኝ ኪሱ ውስጥ ቢኖርም የሚያረጋግጥበት ምን ያህል እንደያዘ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ተዘጋ የተባለው ኬዝ ጉዳይ ነው። ኮንግረስ በ1996 ለኢሚግሬሽን ሲባል ጥፋተኛ መባል ምን ማለት እንደሆነ እንደ አዲስ ደነገገ። ሰውየው ጥፋቱን ካመነ ወይም ያስፈርድበታል የተባለውን ፍሬ ነገር ከተቀበለ፣ ዳኛውም ፕሮቤሽን (የአመክሮ ጊዜ) ይሁን መቀጮ፣ ማንኛውንም ዓይነት ቅጣት ወይም ግዴታ ከጣለበት፣ ተፈርዶበታል። ሜሪላንድ ውስጥ ዳኞች ለዘመናት የሰጡት ፕሮቤሽን ቢፎር ጀጅመንት፣ ማለትም ከፍርድ በፊት የሚሰጥ አመክሮ፣ የሚባለው መንገድ በስቴቱ ሕግ ፍርድ አይባልም። ዳኛው ይህን ይነግሩታል፣ ጠበቃውም እንኳን ደስ አለህ ይለዋል። ጥፋቱን አምኖ የገባበት ከሆነ ግን ለኢሚግሬሽን ፍርድ ነው። ቨርጂኒያም ለመጀመሪያ ጊዜ ለተያዘ ሰው ትምህርት ወስዶ ሲጨርስ ክሱን የምትሰርዝበት አሠራር ነበራት፤ ብዙውን ጊዜ ውጤቱ ያው ነው።

ሪከርድ ማስጠፋትም እንዲሁ። የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ በ1999 ሮልዳን በተባለው ጉዳይ፣ ሰውየው ስለታረመ ወይም ስቴቱ ስለራራለት የተሰረዘ ፍርድ ለኢሚግሬሽን እንዳልተሰረዘ ይቆጠራል አለ። ሜሪላንድ ማሪዋና ስትፈቅድ የድሮ የመያዝ ክሶች በራሳቸው ጊዜ እንዲጠፉ አዘዘች፤ ጁን 17 ቀን 2024 ደግሞ ገዢው ዌስ ሙር ከ175,000 በላይ ፍርዶችን በይቅርታ ሻሩ። ለሥራና ለቤት ኪራይ ትልቅ ነገር ነው፤ አመሰግናለሁ። ዜጋ ላልሆነው ግን ሁለቱም አያድኑትም። የኢሚግሬሽን ሕጉ ለአንዳንድ ከባድ ወንጀሎች የገዢን ወይም የፕሬዚዳንትን ይቅርታ ይቀበላል፤ የዕፅ ጥፋትን ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ አላስገባም። ፕሬዚዳንት ባይደን በኦክቶበር 2022 የሰጡት ይቅርታም ግሪን ካርድ ያላቸውን በስም ጠቅሶ ሳለ ከማስወጫው ክስ አላዳናቸውም።

ሪከርድ ማጥፋት እንዲያውም የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ፍርድ ቤቱ ፋይሉን ሲያጠፋ ኤፍቢአይ ጋ ያለው የእስር ምልክት ብዙውን ጊዜ ይቀራል። ኢሚግሬሽን አሻራውን አይቶ “ይህ ምንድን ነው፣ የተረጋገጠ የፍርድ ቅጂ አምጣ” ይላል። ከፍርድ ቤቱ የሚመጣው መልስ “እንዲህ ያለ ፋይል የለንም” ይሆናል። ጥፋቱ አንድ ብቻ እንደነበርና ከ30 ግራም እንደማይበልጥ የሚያሳየው ወረቀት ያ ፋይል ነበር። ስለዚህ ዜጋ ያልሆነ ሰው ማስጠፊያውን ከመጠየቁ በፊት የክስ ወረቀቱን፣ የፖሊሱን ቃል፣ የላቦራቶሪ ውጤት ካለ እሱን፣ የመጨረሻውን ውሳኔ በማኅተም የተረጋገጠ ሁለት ሁለት ቅጂ አውጥቶ ያስቀምጥ። ከኤፍቢአይ የራስን ሪከርድ ማውጣት 18 ዶላር ነው፤ የሚጀመረውም ከዚያ ነው፣ ምክንያቱም ጠበቃ ያለ እሱ የሚናገረው በግምት ነው።

የሚያድነው መንገድ ሌላ ነው። ይኸው ቦርድ በ2003 ፒከሪንግ በተባለው ጉዳይ፣ ፍርዱ የተሻረው በራሱ በክርክሩ ሂደት የሕግ ጉድለት ስለነበረበት ከሆነ ለኢሚግሬሽንም ተሽሯል የሚል መለኪያ አስቀመጠ። ጉድለቱ ምን ሊሆን ይችላል? በማርች 31 ቀን 2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፓዲላ ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ መልሱን ይዟል። ሆሴ ፓዲላ የሆንዱራስ ተወላጅ፣ ከ40 ዓመት በላይ ግሪን ካርድ ይዞ የኖረ፣ በቬትናም ጦርነት ለአሜሪካ የተሰለፈ የትራክ ሾፌር ነበር። ኬንታኪ ውስጥ ማሪዋና ጭኖ ተያዘ፤ ጠበቃው ይህን ያህል ዓመት ስለኖርክ ኢሚግሬሽን አያሳስብህም አለው፤ አምኖ ጥፋተኛ ነኝ አለ፤ የመባረር አደጋ መጣበት። ፍርድ ቤቱ ዜጋ ያልሆነን ደንበኛ ስለ መባረር አደጋ አለማስጠንቀቅ የሕገ መንግሥት ጉድለት ነው አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ጥፋቱን ያመነ ሰው ፍርዱን ለማሻር መሠረት አለው። ሜሪላንድ ውስጥ ቅጣቱን ጨርሶ ለወጣ ሰው ኮራም ኖቢስ የሚባል የድሮ ፍርድ ማሻሪያ አቤቱታ አለ፤ ቨርጂኒያ ውስጥ መንገዱ በጣም ጠባብ ነው።

እያንዳንዱ ሰው ጠበቃ ቀጥሮ፣ የድሮ ጠበቃውን ቃል አስመስክሮ፣ ዳኛ ፊት ቆሞ ካልሆነ የማይሆን ነገር ለጥቂቶች ብቻ የሚደርስ ፍትሕ ነው። ኒውዮርክ ይህን አስባበታለች። በማርች 2021 ያወጣችው የማሪዋና ሕግ፣ በድሮዎቹ የማሪዋና ክሶች ጥፋቱን አምኖ የተፈረደበት ሰው መዘዙ ከባድ ከሆነ፣ የኢሚግሬሽን መዘዝም ጭምር፣ እምነቱ በሙሉ እውቀትና ፈቃድ እንዳልተሰጠ ይገመታል ይላል። ይኸ ጥቂት መስመር ነው፤ ግን ፍርዱ የሚሻርበትን ምክንያት ከርኅራኄ ወደ ሕግ ጉድለት ያዞረዋል፤ ኢሚግሬሽን የሚያየውም ያንን ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ተመሳሳይ አንቀጽ እንዲጨምሩ መጠየቅ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ነው።

ምንም ተይዞ የማያውቅ ሰውስ? እሱም አላመለጠም። መግባትን የሚከለክለው አንቀጽ ፍርድ አይፈልግም፤ ሰውየው ራሱ መፈጸሙን ማመኑ ይበቃዋል። የዜግነት ማመልከቻው ያልታሰርክበት ወንጀል ፈጽመህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። አመልካቹ ቀኝ እጁን አንሥቶ ምሎ ተቀምጧል። ዋሽቶ ቢገኝ ውሸቱ ራሱ ለዜግነት የሚጠየቀው መልካም ጠባይ የለውም ያሰኘዋል። በቅንነት “አዎ፣ እዚህ ስቴት ስለተፈቀደ ሁለት ሦስቴ ገዝቻለሁ” ቢል በገዛ አፉ የፌዴራል ወንጀል አመነ። በ1957 የተወሰነ አንድ ጉዳይ እንዲህ ያለ ቃል እንዲጸና መኮንኑ ወንጀሉ ምን ምን እንደሚያካትት በሚገባ ቋንቋ አስቀድሞ ማስረዳት አለበት፣ ቃሉም ግልጽና በፈቃድ የተሰጠ መሆን አለበት ይላል። በተግባር መኮንኑ ቃሉን ይተይብና ፈርም ይላል። ያልገባውን አለመፈረም፣ ያለ ጠበቃዬ አልመልስም ማለት መብት ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ይህን ከጠበቃ ጋር መጨረስ ነው።

በኤፕሪል 2019 የዜግነትና ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በማሪዋና ኢንዱስትሪ ውስጥ መሥራትም መልካም ጠባይን ሊያሳጣ ይችላል የሚል መመሪያ አወጣ። ዲስፐንሰሪ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆኖ፣ ከየደመወዙ ታክስ እየተቆረጠ የሠራ ሰው ለዜግነት ሲቀርብ በዚያው ሥራው ሊከለከል ይችላል። ሥራው ማስታወቂያ ላይ ወጥቶ፣ ስቴቱ ፈቃድ ሰጥቶት የገባበት ነው። ይህን ፍትሐዊ የሚያደርግ ክርክር እስካሁን አልሰማሁም።

የትራክ ሾፌሮቻችን ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ ዜግነት ያለውንም ይነካል። ሲዲኤል (የንግድ ተሽከርካሪ መንጃ ፈቃድ) ይዞ የሚነዳ ሁሉ በትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ የፌዴራል ምርመራ ሥር ነው። የሽንት ምርመራው የመጀመሪያ ወለል በአንድ ሚሊ ሊትር 50 ናኖግራም ነው፤ ማረጋገጫው 15። ይህ የሚለካው ሰውነት ማሪዋናውን ሲፈጭ የሚቀረውን ነው፤ ስብ ውስጥ ስለሚቀመጥ አዘውትሮ የሚጠቀም ሰው ላይ ሳምንታት አልፈው ይገኛል፣ በዚያ ሰዓት መስከር አለመስከሩን አይናገርም። ሲቢዲ ዘይት (ከዚሁ ተክል የሚወጣ የማያሰክር ዘይት) ነው የተጠቀምኩት ማለት ተቀባይነት የለውም፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው መጠን ሁልጊዜ እውነት አይደለምና ለጉልበት ሕመም ብሎ የወሰደም ይወድቃል። አልመረመርም ማለት እንደመውደቅ ይቆጠራል። ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ውጤቱ ክሊሪንግሃውስ የሚባለው አገር አቀፍ መዝገብ ላይ ስለሚገባ ኩባንያ መቀየር አያስመልጥም፤ ከኖቬምበር 18 ቀን 2024 ወዲህ ደግሞ ስቴቱ ሲዲኤሉን ራሱን ያወርዳል። ወደ ሥራ ለመመለስ፣ የተፈቀደለት ባለሙያ ገምግሞ የሚያዘውን ትምህርት ወይም ሕክምና መጨረስ፣ በዓይን እየታየ የሚሰጥ ምርመራ ማለፍ፣ ከዚያ በ12 ወር ውስጥ ቢያንስ 6 ድንገተኛ ምርመራ ማለፍ ያስፈልጋል። 80,000 ፓውንድ የሚጎትት ሰው ጤነኛ አእምሮ ይዞ ይንዳ የሚለው ላይ ክርክር የለኝም። ማሻሻያው መለኪያው ላይ ይሁን፤ ሾፌሩ በሚነዳበት ሰዓት ያለበትን ሁኔታ የሚያሳይ ምርመራ ያስፈልጋል።

አሁን በፌዴራል ደረጃ ብዙ ተስፋ የተጣለበት ማሪዋናን ከሠንጠረዥ 1 ወደ ሠንጠረዥ 3 ማውረድ ነው። ፍትሕ ሚኒስቴር በሜይ 2024 ሐሳቡን አቀረበ፤ በዲሴምበር 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሥራው እንዲፋጠን አዘዙ። ለምርምርና ለነጋዴው ታክስ ትርጉም አለው። ለስደተኛው ግን አንድም ነገር አይለውጥም፤ የኢሚግሬሽን ሕጉ የሚጠቅሰው አምስቱንም ሠንጠረዥ ነው። ከዝርዝሩ ፈጽሞ መውጣት አለበት፣ ወይም የኢሚግሬሽን ሕጉ ራሱ መሻሻል አለበት። የተወካዮች ምክር ቤቱ በዲሴምበር 2020ና በኤፕሪል 2022 ያሳለፈው ሞር አክት የተባለው ረቂቅ ሁለቱንም ይዞ ነበር፤ በማሪዋና ምክንያት ማንም የኢሚግሬሽን መብት እንዳይከለከል የሚል አንቀጽ ነበረው። ሴኔቱ ጋ ቀረ። አዲስ ረቂቅ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚታየው ያ አንቀጽ መኖሩና አለመኖሩ ነው።

ወላጆች ይህን ሲያነቡ የሚነሣባቸው ስጋት ይገባኛል። የዛሬው ማሪዋና የድሮው አይደለም፤ በፌዴራል የተያዙ ናሙናዎች ላይ በ1995 ወደ 4 በመቶ የነበረው የሚያሰክረው ንጥረ ነገር፣ ቲኤችሲ፣ በ2022 ወደ 16 በመቶ ደርሷል። በልጅነት አዘውትሮ መጠቀም ከአእምሮ ሕመም ጋር መያያዙ በብዙ ጥናት ታይቷል፤ ስለዚህ የ21 ዓመቱን ገደብ በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። ግን ልጅን ከግሪን ካርዱ ማፈናቀል ሕክምና አይሆንም። የሲቪል መብት ድርጅቱ ኤሲኤልዩ በ2013 ባወጣው ጥናት ጥቁሮችና ነጮች በተቀራራቢ መጠን እየተጠቀሙ በማሪዋና የመታሰር ዕድላቸው በአገር አቀፍ ደረጃ ለጥቁሩ 3.73 እጥፍ ነበር። የእኛ ልጅ መንገድ ላይ ሲቆም ፖሊሱ የሚያየው ጥቁር ወጣት ነው፤ ጣቢያ ሲደርስ ደግሞ የስደተኛነቱ መዘዝ ይጨመርበታል።

ሜሪላንድ ውስጥ መጀመሪያ የሚደረገው ቀላል ነው። አናፖሊስ የሚሰበሰበው የስቴቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በየዓመቱ ከጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ጀምሮ 90 ቀን ይቀመጣል። በኢንተርኔት አካውንት ከፍቶ በአንድ ረቂቅ ላይ የጽሑፍ ምስክርነት ማስገባት ይቻላል፤ ዜግነት አይጠየቅም። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ተወካዮች ብዙ ሐበሻ መራጭ አላቸው፤ የኒውዮርኩን ዓይነት አንቀጽ እንዲያቀርቡ በስም የሚጠየቁት ረቂቅ ከማስገቢያው ጊዜ በፊት፣ በመጸው ወራት ነው። ዲሲ ደግሞ በ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕጓ መሥሪያ ቤቶቿ ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ፈቃድ ያለው እያንዳንዱ ሱቅ ባንኮኒ ላይ “የአሜሪካ ዜጋ ካልሆኑ ይህን መግዛት፣ መያዝ ወይም እዚህ መሥራት የመኖሪያ ፈቃድዎን ሊያሳጣዎ ይችላል” የሚል ማስጠንቀቂያ በአማርኛ እንዲለጠፍ ለከተማው ምክር ቤት በጽሑፍ መጠየቅ፣ የፌዴራል ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ አሁኑኑ የሚቻል ነው።